ለጸሎት ብቻ

ኩዌት፣ ኸይጣን ሰፈር ውስጥ፣ ከኢራናዊው ዳቦ ቤት ጀርባ ባለው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በቆሻሻ ገንዳ ምክንያት ነው። ገንዳው ልክ መግቢያው በር ላይ ተቀምጦ፣ ድመቶቹም ተከራዩን እንደ እንግዳ ማየት ሲጀምሩ፣ ለገሰ ሰው ሰበሰበ። ለገሰ ሰው መሰብሰብ ይወዳል። አገር ቤት ሳለ ቀበሌ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሠርቷል፤ ምን ይሠራ እንደነበር በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ብቻ «አጀንዳ» ሲል አፉ ውስጥ ከረሜላ ያለ ይመስላል። አሁን ራይ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ላለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሾፌር ነው። በሕንፃው ግን ሊቀመንበር ነው።

ማኅበሩ ገንዳውን በብዙ ልፋት ከመንገዱ ማዶ አሻገረው። የማዶው ሕንፃ ሰዎች በማግስቱ መለሱት። ገንዳው እንዲህ ሲመላለስ ከርሞ በመጨረሻ መንገዱ መሀል ላይ፣ የማንም ባልሆነ ቦታ ቀረ። መኪናም እየዞረው ማለፍ ለመደ። ለገሰ ይህንን «በውይይት የተገኘ ውጤት» ብሎ ቃለ ጉባኤ አስያዘ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ደቦራ ናት። ጸሐፊ ሆና የተመረጠችው በመጀመሪያው ስብሰባ እስክሪብቶ ይዛ በመገኘቷ ነው። ምክትሉ ሙሐሲን ነው፤ ካፌ ውስጥ ይሠራል፣ ዐረብኛው የተወለደበት ይመስላል። የተመረጠው ማኅበሩ «የጴንጤዎቹ ነው» እንዳይባል እንደሆነ ራሱ እየሳቀ ይናገራል። የፀጉር ሳሎን ውስጥ የምትሠራው ናርዶስ ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ሆነች። ፀጉር የሚሠራ ሰው ሁሉን ይሰማል ተብሎ ነው። ሁሉን እንደሚናገር ያን ጊዜ ያነሳው ሰው የለም።

ሕንፃው ሲርዳብ አለው፤ ከምድር በታች ያለ ሰፊ አዳራሽ። በወረቀት የመኪና ማቆሚያ ነው። መውረጃው ዳገት ስለሆነ መኪና ወርዶበት አያውቅም። ስለዚህ ባለቤቱ አብዱልወሃብ ፈቅዶ፣ ኢትዮጵያውያኑ አማኞች ዓርብ ዓርብ ጠዋት ይሰበሰቡበታል። ፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ኪቦርድ፣ በሠርግ ጨርቅ የተሸፈነ መድረክ አለ። ከሽማግሌዎቹም ዋናው ለገሰ ነው። ማኅበሩን ሲመራ «ክቡራን ነዋሪዎች» ይላል፤ ፌሎሺፑን ሲመራ «የተወደዳችሁ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚለው ያው ነው።

ከላይ እስከ ሲርዳቡ ወርዶ ወደ ጓሮው መንገድ የሚወጣ የኋላ ደረጃ አለ። ሴቶቹ ይወዱታል። በፊት ለፊቱ ደረጃ ሁልጊዜ ሲጋራ የሚያጨስ ወንድ አይጠፋም። የደቦራ ክፍል አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የኋላውን ደረጃ ያያል። የራሷ ክፍል ነው። በዚህ ሕንፃ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ናርዶስ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትከራየው አልጋ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ደግሞ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ አለ። ባያን ሰፈር ያለችው የደቦራ ማዳም ሳሎኗን ስታስቀይር የሰጠቻት ነው። ናርዶስ ለጸሎት ስትመጣ ሳትነካው አትቀመጥም።

«አይ ደቢዬ! ይሄ እኮ የቤተ መንግሥት ነው» ትላለች፤ እንደ ገበያተኛ በሁለት ጣት እያሸች።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከራይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። ፍራሽ ነው የጫነው፤ አብዱልወሃብ ሲርዳቡን ለነጋዴ አከራይቶታል ተባለ። ስፖንጅ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የአልጋ ራስጌ፣ ሙጫ የሚሸት ነገር ሁሉ። ሐሪሱ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ የሲርዳቡን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆመ፤ ሠራተኞቹም ማስገባት ጀመሩ። እስከ መግሪብ አዛን ድረስ አላበቃም። ዓርብ ጠዋት ምእመኑ ሲወርድ ወንበሮቹ አንድ ጥግ ላይ ተቆልለዋል፤ ፍራሹ ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሟል። የኋላው ደረጃ በር ላይ የአልጋ ራስጌ ተደግፎበታል። ሲዘምሩ ድምፁ ስፖንጅ ውስጥ እየገባ ይቀራል። ኪቦርድ የሚጫወተው ፊልሞን ድምጹን ቢጨምር ቢጨምር አልሰማ አለ።

ማኅበሩ ለገሰ ቤት ተሰበሰበ።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አለ ለገሰ። «ሲርዳብ።»

«ሊቀመንበር፣ ሁለት ነው» አለ ሙሐሲን። «ሲርዳብ እና መቃጠል።»

«አፍህ! አፍህን አሳርፍ አንተ» አለች ናርዶስ ደረቷን ይዛ።

«እኔ ምን አልኩ? ከሥራችን ስፖንጅ አለ። ከላያችን ሰው አለ። አንዱ ደረጃ ተዘግቷል። እሳት ሲነሳ ደግሞ እጅ አውጥቶ ዕድል አይጠይቅም።»

ደቦራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለባለዲያ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ እንናገር። ቤቶች እየዞሩ የሚያዩ ሰዎች አሏቸው። ሲርዳብ መጋዘን ማድረግ ክልክል ነው፤ አሁን አሁን በተለይ አይምሩም።»

ለገሰ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ትልቅ ነገር እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። «እህት ደቦራ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ግን ባለዲያ መጥቶ ወረቀት አውጡ ቢል ምን ይገኛል? የመኪና ማቆሚያ ይላል። ፍራሽ መኪና አይደለም። መዝሙርም መኪና አይደለም። ፍራሹን ሲያስወጡ እኛንም ያስወጡናል።»

ሙሐሲን እንኳ «ልክ ነው» አለ። እውነቱን ነውና።

«እኛ ዓርብ ጠዋት ገብተን እንወጣለን፣ ጋሽ ለገሰ» አለች ደቦራ ቀስ ብላ። «ስፖንጁ ግን አብሮን ያድራል። ለአምልኮ ሌላ ቦታ እንፈልግ። በየቤታችን ጀምረን አልነበር? ሌላ ደረጃ ግን ከየት እናመጣለን?»

«በመጀመሪያ በፍቅር ላነጋግረው» አለ ለገሰ። «አብዱልወሃብ ሰው ነው።»

«እሱ ላይ ጥርጣሬ የለንም» አለ ሙሐሲን።

ለገሰ ሄዶ አነጋገረ። ተመልሶም «በጣም ተከባብረን ነው የተነጋገርነው» ሲል ሪፖርት አቀረበ። ታዲያ ምን አለ ሲሉት፣ ያስብበታል አለ። ሲያስብ ሰነበተና በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛ መኪና መጣ። አሁን የኋላው በር ብቻ ሳይሆን ከበሩ በላይ ያሉት ደረጃዎችም በካርቶን ሞሉ። ደቦራ ከመስኮቷ ስታይ፣ የደረጃው መብራት ካርቶኑ ላይ ያርፋል። የሙጫው ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ጠዋት ስትነሳ ምላሷ ላይ ይገኛል።

ደቦራ ኩዌት ሲያመጧት የገባችው ባያን ነው። ማዳሟ ዘንድ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ልጆቹን አሳደገች፤ ልጆቹ ሲያድጉ ማዳም «ውጪ ኑሪ፣ እየመጣሽ ሥሪልኝ» አለቻት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እስከ ዛሬ በማዳም ስም ነው። ሌላውን ቀን እዚህም እዚያም ታጸዳለች። ይህ በሕግ ትክክል እንዳልሆነ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ አይወራም።

የዚያን ሰሞን ማዳም ዘንድ ምድጃ ስትፈትግ ስለ ደረጃው አወራቻት። ማዳም ስልኳን እያየች ስትሰማ ቆየችና ቀና አለች።

«ሰው እየተኛበት?»

«እኔ ነኝ እላዩ ላይ የምተኛው፣ ማዳም።»

«የወንድሜ ልጅ ባለዲያ ነው የሚሠራው። ፎቶውን በስልክሽ አንሺና ሰኞ ስትመጪ አሳዪኝ። ከእኔ ስልክ እልክለታለሁ። ስምሽ አይነሳም።»

ደቦራ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለሙሐሲን እንኳ አልነገረችውም፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሙሐሲን ነገር ካወቀ ቀልድ ያደርገዋል፣ ቀልድ ደግሞ ይዞራል። ዓርብ ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ሲወጣ ቀረችና በሩን፣ ራስጌውን፣ ካርቶኑን አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ አነሳች።

የነገረችው ለአንድ ሰው ነው። እሱንም ነገርኩ አትልም፤ ጸለይኩ ነው የምትለው።

ፌሎሺፑ እህቶችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምራል። «የጸሎት ጓደኛ» ይባላል። ለጸሎት ጓደኛ የተነገረ ነገር ከእግዚአብሔር በስተቀር ወደ ማንም አያልፍም፤ ደንቡ ይህ ነው። የደቦራ የጸሎት ጓደኛ ናርዶስ ናት። ደቦራ ልጇ አገር ቤት በታመመ ጊዜ ናርዶስ ሦስት ቀን ጾማላታለች። ናርዶስ የሚያገባት ይመስላት የነበረው ሰው ሌላ ሲያገባ ደቦራ አብራት አልቅሳለች። እንግዲህ በዚያው ዓርብ፣ አረንጓዴው መጋረጃ ሥር ተንበርክከው፣ ደቦራ እጇን ይዛት፦

«ጌታ ሆይ፣ ሰኞ ፎቶውን ይዤ ባያን ስሄድ መንገዴን አቅና። ማዳም ለወንድሟ ልጅ ስትልክ በፊቱ ሞገስ ስጠን። ባለዲያ መጥቶ ያ በር እስኪከፈት ስሜን ሰውር» አለች።

«አሜን፣ አሜን ጌታ ሆይ» አለች ናርዶስ። እንባ ሁሉ ወጥቷታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የደቦራ በር ተንኳኳ። ስትከፍተው አብዱልወሃብ ራሱ ነው፤ ዲሽዳሻ ቀሚሱ እንደ ወረቀት ነጭ፣ ሐሪሱ ከኋላው። ለኪራይ እንኳ የሚመጣው ሐሪሱ ነው። አብዱልወሃብ ሲያናግር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንደ ሐኪም ነው።

«ደቦራ፣ እንዴት ነሽ? ደህና? ልጅሽ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ባባ። ይግቡ።»

«አልገባም። ባያን ያለችው ማዳምሽ እንዴት ያለች ጥሩ ሴት ናት! ትናንት በስልክ አወራን። የወንድሟን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ባለዲያ የሚሠራውን። ማታ ማታ ከወንዶቹ ጋር ሊጫወት ዲዋኒያዬ ይመጣል። ሻዩ ላይ ስኳር ያበዛል፤ ለጤናህ ጥሩ አይደለም እለዋለሁ።»

ደቦራ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ነገ ፎቶ ይዘሽላት ልትሄጂ ነው አሉ። ሰኞ።» ፈገግ አለ። «ለምን ትደክሚ? እኔ እዚሁ ነኝ። የኔን ሕንፃ እኔን ጠይቂኝ።»

«ባባ፣ ደረጃው ተዘግቷል። ሰው ይተኛል እዚህ።»

«ሊፍት አለ» አለ አብዱልወሃብ።

ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ኢቃማሽ ባያን ነው። የምትተኚው ኸይጣን ነው። የምትሠሪው ሁሉ ቦታ ነው። እኔ ስለዚህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም ጎረቤት ነን። ማዳምሽም ችግር አትፈልግም። ይህንን ክፍል ዓርብ ታስረክቢኛለሽ፤ ኸላስ፣ አብቅቷል፤ ምንም አልተፈጠረም።»

በሩን ሐሪሱ ነው ዘግቶላት የሄደው። ደቦራ ስልኳን አነሳች። ማዳም ጋ ደወለች።

«ደቦራ ሐቢብቲ» አለች ማዳም፣ ውሃ እየፈሰሰ ይሰማል፣ «እኔ በሰው ሕንፃ ምን አገባኝ? ነገ ነዪ፣ ምንጣፎቹን እናጥባለን። ፎቶ ግን አታምጪብኝ።»

ደቦራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሰውየውን ቃል መልሳ መላልሳ ሰማችው። ማዳም። የወንድም ልጅ። ፎቶ። ሰኞ። ሁሉም የጸለየችው ነው። አንዲት ቃል ሳይጎድል የጸሎቱን መንገድ ሄዶበታል። የቀረው «አሜን» ማለት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ናርዶስ ወደምትሠራበት ሳሎን ሄደች። ናርዶስ አንዲት ፊሊፒናዊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን በካውያ ትተኩሳለች። ደቦራን በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና ፊቷ በራ፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው የበራው።

«ውይ ደቢዬ! ዛሬ ሥራ የለሽም? ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ፀጉርሽ እኮ ሞቷል፤ ቆይ ይህቺን ልጨርስና…»

«ናርዲ፣ ለማን ነገርሽ?»

«ምኑን?»

«ሰኞን።»

ናርዶስ አንድ ዘለላ ፀጉር አንስታ ወደ ካውያው አስገባች። «እኔ? ለማንም። በጌታ ስም። ለማን እነግራለሁ?»

«አብዱልወሃብ በሬ ላይ ቆሞ ጸሎቴን ደገመልኝ።»

«ምን ብሎ?»

«አንቺ ‹አሜን› እንዳልሽበት ብሎ።»

ፊሊፒናዊቷ አማርኛ ባትሰማም በመስታወቱ ሁለቱንም እያየች ነው። ናርዶስ ዐይኖቿን ወደ ካውያው ጣለች።

«ለጋሽ ለገሰ ብቻ ነው። እሱም… ለጸሎት ብቻ ነው የነገርኩት ደቢዬ! ከብዶኝ ነው። በጸሎት ያስቡበት ብዬ።»

«ጋሽ ለገሰስ?»

«እሳቸው ለሽማግሌዎቹ ይሆናል የነገሩት። ለጸሎት።»

«አብዱልወሃብም ሊጸልይበት ነው የመጣው?»

«አታሹፊ!» ናርዶስ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እንባዋ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። «አንቺም እኮ አበዛሽው። ለአንድ ደረጃ ብለሽ የእግዚአብሔርን ቤት ልታዘጊ። ይኼ ሁሉ ሕዝብ የት ይሂድ ብለሽ አሰብሽ? እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ላይ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ያቺ ዓርብ ናት ያለችኝ። ጋሽ ለገሰ ደግሞ ሁሉም በሰላም ያልቃል አሉኝ። ማንም አይጎዳም አሉኝ።»

«ማንም?»

«ጌታ ሌላ በር ይከፍትልሻል። እኔ አምናለሁ።»

«የነበረውን በር ነበር ላስከፍት የፈለግኩት።»

የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ፊሊፒናዊቷ ጮኸች፤ ናርዶስ ደንግጣ ካውያውን አነሳች፤ «ሶሪ፣ ሶሪ ማማ» እያለች በእጇ ታራግብላት ጀመር። ደቦራ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።  ምናልባት በእርግጥ ከብዷት ይሆናል፤ ምናልባት ለጸሎት ብላ ይሆናል። ሰው ሞኝ ይሆናል። ይህንን ይቅር የሚሉበት መንገድ አለ፤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ስትሄድ ታገኘው ነበር።

«ደቢዬ» አለች ናርዶስ ከኋላዋ።

ዞረች።

«ያ መጋረጃ…» አለች ናርዶስ፣ ካውያውን በሁለት እጇ ይዛ። «ትተሽው ነው የምትሄጂው?»

ደቦራ ክፍሏን ልቀቂ መባሏን ለአንዲት ነፍስ አልተናገረችም ነበር።

ዓርብ አምልኮው ጣሪያ ላይ ሆነ። አብዱልወሃብ ከስድስተኛው ፎቅ በላይ ያለውን የቆርቆሮ ክፍል ለፌሎሺፑ ሰጥቷል። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮው ከላይ ይጋግራል፤ ኤሲ እንደሚገባ ቃል ተገብቷል። ወንበሮቹን ወጣቶቹ በፊት ለፊቱ ደረጃ ተሸክመው አወጡ፤ ሊፍቱ የተለመደው ቦታው ላይ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ቆሟል። ምእመኑ ላቡን እየጠረገ፣ ቦታው እንዴት ሰፊ ነው፣ ነፋሱ እንዴት ነው ይባባላል። ነፋስ አልነበረም።

ለገሰ ተነሣ። «የተወደዳችሁ» አለ። «ከባለቤቱ ጋር በተደረገ ፍሬያማ ውይይት፣ የዘመናት ጥያቄያችን ተመልሷል። ከምድር በታች ነበርን፤ እነሆ ከሁሉ በላይ ነን!»

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

ከዚያ ምስክርነት። ናርዶስ ነጭ ነጠላ ለብሳ ወጣች፤ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ በግሌ ጌታ ሁለት ነገር ሰጥቶኛል» አለች። «አንደኛ ይህን አዳራሽ። ሁለተኛ፣ አብራችሁኝ ስትጸልዩበት የነበረው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትቃጠል የኖረች እህታችሁ የራሷ ክፍል አግኝታለች። ባለ መስኮት!» እልልታ። ወደ ደቦራ ግን አላየችም፤ ከደቦራ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ፈገግ አለች።

በወሩ ፕሮግራም ላይ «የመዝጊያ ጸሎት፦ እህት ደቦራ» ይላል። ፕሮግራሙን ያወጣው ለገሰ ነው፤ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ሊቀይረው ይችል ነበር። ግን ለገሰ አንድ ጊዜ የወጣ ፕሮግራም አይቀይርም፤ ሥርዓት ነው። ምናልባትም መጥታ ዝም ትላለች፣ ወይ አትመጣም ብሎ ይሆናል። ደቦራ ግን ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። ማይኩን ተቀበለችው። ሁሉም ዐይኑን ጨፈነ። ፊልሞን እንደ ልማዱ ከሥር ለስላሳ ድምፅ ጀመረ።

በዚህ ሕዝብ መሀል ሰባኪ ሊቋረጥ ይችላል፤ ዘማሪ ይቋረጣል፤ ሊቀመንበር እንኳ አንዳንዴ ይቋረጣል። የሚጸልይ ሰው ግን አይቋረጥም።

«ጌታ ሆይ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህ» አለች።

«አሜን!»

«እኔ ግን የምታውቀውን እነግርሃለሁ። ሲርዳቡ ውስጥ ፍራሽ እስከ ጣሪያ መደርደሩን ታያለህ።»

«አሜን!»

«የኋላው ደረጃ በር በአልጋ ራስጌ መዘጋቱን ታያለህ። ከዚህ የምንወርድበት አንድ ደረጃ ብቻ መቅረቱን ታያለህ።»

«አሜን፣ አሜን ጌታ ሆይ!»

«ይህን ክፍል አብዱልወሃብ በምን እንደሰጠን ታውቃለህ። ዝም እንድንል ነው የሰጠን።»

«አሜ…» አለ ከፊት ያለው ረድፍ፤ ከኋላ ያሉት ግን ገና አልደረሱበትም፤ ሙሉውን አሉት። ፊልሞን የያዘውን ድምፅ ለቆ ሌላ ፈለገ፤ የሚስማማ አጥቶ እዚያው አንድ ቁልፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለአንተ ብዬ ለጸሎት ጓደኛዬ የሰጠሁትን ልመና፣ ወንድማችን ለገሰ ለባለቤቱ አድርሶታል። ወደ አንተ ሳይደርስ እሱ ጋ ደርሷል። ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ለአንተ ዛሬ በማይክ እያደረስኩ ነው።»

አሜን የለም። አንዲት እናት ግን «ሃሌሉያ» አለች፤ ጆሮዋ ደከም ያለ ነው።

ለገሰ ዐይኑን ገልጧል። ሊነሣ ወንበሩን ይዟል፤ ግን ምን ብሎ? የጸሎትን ሥነ ሥርዓት የሚጥስ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ስንት ጊዜ ያስተማረው ራሱ ነው።

«ክፍሌን ለእህቴ ለናርዶስ ሰጥተሃታል ብላለች። ባርክላት። መስኮቱ ወደዚያ ደረጃ ነው፣ ጌታ ሆይ። አንድ ቀን ጭስ ቢነሣ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። እኔን እንደጠበቅኸኝ ጠብቃት። በኢየሱስ ስም።»

«አሜን!» አሉ። በዚህ ቃል ላይ ማለት አይቀርም፤ አፍ ራሱ ይለዋል። ከሁሉም ጮኾ ያለው ለገሰ ነበር፤ እንዲያልቅ ፈልጎ።

ማይኩን አስቀምጣ ቀድማቸው ወረደች። ሻንጣዋ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር፣ ሙሐሲን ከካፌው ተውሶ ያመጣው ፒክአፕ ላይ ነው። ፍራሿ በአረንጓዴው መጋረጃ ተጠቅልሎ ታስሯል።

ሙሐሲን መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ደቦራ አጠገቡ ገባች። «ምን አልሻቸው?»

«ጸለይኩ።»

«እነሱስ?»

«አሜን አሉ።»

ሙሐሲን ሊስቅ ፈለገና ፊቷን አይቶ ተወው።

«ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ አሉ» አለች ደቦራ። «አንተ ዐረብኛ ታውቃለህ። ኢቃማህም ደህና ነው። ልላክልህ?»

ሙሐሲን የመሪውን ሽፋን በጥፍሩ ሲቆረቁር ቆየ። መቀለድ የማይችልበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ደቦራ አሁን ነው ያየችው።

«ደቦራ… እኔም እዚሁ ነኝ የምተኛው» አለ። «ሚስቴን ላመጣ ነው። ቤት አሁን የት ይገኛል?»

«እሺ» አለች። ከልቧ ነው እሺ ያለችው፤ የቀራት ይህ ነበርና።

ከሕንፃው ውስጥ ጫጫታ መጣ። ምእመኑ እየወረደ ነው። በጠባቡ ደረጃ ላይ ከላይ የሚገፉት፣ ከታች ሲጋራ የሚያጨሱት፣ ዕቃ ይዞ የሚወጣ አንድ ባንግላዴሻዊ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቀዋል። «ቀስ! ልጅ አለ!» ይላል አንዱ። «ማነው የረገጠኝ?» ትላለች ሌላዋ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት «የኋላውን ደረጃ አይከፍቱትም እንዴ?» ብላ ጮኸች።  ጥያቄው በሰው ላይ ተንሳፍፎ ቆየና እሱም መውረጃ አጥቶ ቀረ።

ከመጀመሪያዎቹ ወጪዎች አንዷ ናርዶስ ናት። ነጠላዋ በላብ ተለጥፎባታል። መኪናውን አየች፤ ከዚያ መጋረጃውን አየች። ትንሽ ቆማ፣ መንገዱ መሀል ያለውን የቆሻሻ ገንዳ ዞራ ወደ መኪናው መስኮት መጣች።

«ደቢዬ፣ እንዲህ ታደርጊኛለሽ? በሰው ፊት?»

ደቦራ ወደ ፊት ታያለች።

ናርዶስ መስኮቱን በእጇ ያዘች። ዐይኖቿ እንደገና ሞሉ፤ ምናልባትም እውነተኛ ነበር፤ ደቦራ ይህንን መለየት የምትችልበት ነገር ጠፍቶባታል።

«እሺ ተዪኝ። የት እንደምትገቢ ብቻ ንገሪኝ» አለች ናርዶስ። «ሰፈሩን ብቻ። ለማንም አልናገርም። ለጸሎት ነው።»

ደቦራ መስኮቱን ቀስ ብላ ወደ ላይ ዘጋችው፤ ናርዶስ ጣቶቿን እስክታነሣ ጠበቀቻት።

«ንዳው» አለችው ሙሐሲንን።